ነጠላው የት ሄደ?

ጁባ፣ ሙኑኪ
ጥቅምት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማስረሻ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳልጠነከረብዎት፣ ጉልበትዎም እንዳልተነሣብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእመቤታችን ጥላ ሥር ደኅና ነኝ። እናንተ ዘንድ ኢንተርኔቱ ስለተዘጋ ይህን በሱሩር እጅ ልኬዋለሁ። ሱሩር የዱቄትና የዘይት ነጋዴ ነው፤ አዲስ አበባ ሲመላለስ የሁላችንም ፖስታ ቤት ሆኖልናል።

ከሐምሌው ተኩስ በኋላ ትምህርት ቤታችን ተከፍቷል። ባለቤቱ አቶ ማንያህልሻል የአገራችን ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሆቴል ሲሠሩ ኖረው አሁን ትምህርት ቤት ጨመሩበት። ግማሹ ተማሪ አልተመለሰም፤ በፋንታው ከተዘጉ ትምህርት ቤቶች የተረፉትን ሰብስበናል። እኔ ያው ኬሚስትሪ ነኝ። ልሸፋፍንልዎ አልፈልግም፣ ማስተማሩ አንገሽግሾኛል። ሞለኪውል ምንድን ነው ስላቸው እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንቡታል፤ ጥያቄውን ትንሽ ጠምዘዝ ካደረግሁት ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ባለፈው ወር ከካምፓላ የመጣ አሠልጣኝ አንድ ዘዴ አሳየን። ተማሪዎቹ ፈተናውን መጀመሪያ ለየብቻቸው ይሠራሉ፤ ወረቀታቸው ይሰበሰባል። ወዲያው ያንኑ ፈተና አምስት አምስት ሆነው በአንድ ወረቀት እንደገና ይሠሩታል። ተከራክረው በአንድ መልስ መስማማት አለባቸው። ከውጤቱ አብዛኛው የየራሳቸው ነው፣ ጥቂቱ ከቡድኑ ይመጣል። ሞከርኩት። ጋሼ፣ ክፍሉ ቅዳሜ ገበያ ሆነ! ሰው በኬሚስትሪ ሲጣላ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አቡክ የምትባል ጋምቤላ ያደገች ልጅ አለችኝ፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ ክፍል ውስጥ ግን አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። የዚያን ቀን ጠረጴዛ መታች።

አሁን ልመናዬን ልንገርዎት። እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ብቻ አይደሉም፣ ኬሚስትሪን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። እነዚያን ቀላል መስለው የሚናከሱ ጥያቄዎችዎን ይላኩልኝ። እኔን ያስለቀሱኝን ሁሉ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ፀደንያ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

በሰው አገር የሚጠብቅ አምላክ ይጠብቅሽ፤ ክፉውን ሁሉ ከደጅሽ ይመልስልሽ። እናትሽ ደኅና ናት። ደብዳቤሽን ደጋግማ አስነበበችኝና «ኬሚስትሪውን እለፈውና ከስታ እንደሆነ ንገረኝ» አለችኝ።

እኔ ግን ካነበብኩት በኋላ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ለካ አንድ ለአምስት ድንበር ተሻግሮ ጁባ ገብቷል! ከወጣሽ ቆይተሻልና ምን እንደሆነ ላስታውስሽ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሰነፍ ይሰጠዋል። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር የተባለው፤ የእኛ ድር አብሮ የፈተለው ኩረጃን ነው። የቤት ሥራ ስሰበስብ አንዱ የተሳሳተውን ፊደል ሳይቀር አምስቱም ተሳስተውት አገኘዋለሁ። ያቅለሸልሸኛል።

አምና ግንቦት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ሲሰረዝ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። እኔ ጉድ አላልኩም። ትንሹን ፈተና ሲያስኮርጁ ከርመው ትልቁ ተሰረቀ ብሎ ማልቀስ ምን ይባላል? ተማሪዎቼ ራዳር የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ከነስሜ እቀበራለሁ እንጂ በመጨረሻ ዘመኔ የኩረጃ አባት አልሆንም። በመጪው ዓመት ሰኔ ጡረታ እወጣለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዎቼን አልክልሽም። አንቺን ግን ምንጊዜም እወድሻለሁ። ጤናሽን ጠብቂልኝ።

ማስረሻ

ጁባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማስረሻ፣

የልደት በዓል በሰላም ያድርስዎት፤ ቁጣዎም ከበዓሉ በፊት ይብረድልዎት። ቁጣውን ደግሞ ወድጄዋለሁ፣ ድምፅዎን የሰማሁ ያህል ነው።

ግን ጋሼ፣ ደብዳቤዬን እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው ያነበቡት። «አምስት» የሚለውን ሲያዩ ዘጉት። መጀመሪያ ለየብቻ ነው ብያለሁ! ብቻውን ያልሠራ ሰው ቡድን ውስጥ ገብቶ የሚከራከርበት መልስ የለውም። ለማንኛውም ለእርስዎ ስል ቡድኑን አራት አራት አድርጌዋለሁ።

ማን ከማን ጋር ይቀመጥ የሚለው እዚህ አገር ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ከሐምሌው በኋላ። በልደት ወር ልከፍላቸው ብል ክፍሉ ግማሹ ጃንዋሪ አንድ የተወለደ ሆኖ አገኘሁት። ሲወለድ መዝጋቢ ያልነበረበት ሰው ሁሉ ያን ቀን ነው የሚያስጽፈው። በዕጣ አደረግሁት።

አንዱን ክርክር ላጫውትዎት። ጥያቄው «ውሃ ሲፈላ ከሥር የሚነሣው አረፋ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ለየብቻቸው ሲሠሩ አብዛኛው አየር አለ፤ ኬሚስትሪ ያነበበው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለ። እንፋሎት ያሉት ጥቂት ናቸው። ከዚያ በቡድን ሲቀመጡ አቡክ ብድግ አለች። «ማፊ! የለም! ሃይድሮጅን ማፊ! ሃይድሮጅን ይነዳል አይደል የተባልነው? እንዲያማ ቢሆን በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ከነከሰሏ ትፈነዳ ነበር።» አንዱ ልጅ፣ ማጆክ ይባላል፣ «እሺ፣ አየር ነዋ» አላት። «ማንቆርቆሪያው ደርቆ እስኪቀር ሲፈላ ቢውል ያ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል?» አለችው። ማጆክ እስክሪብቶውን አቀበላት። ከሳምንት በኋላ ነገሩን ጠምዝዤ ለየብቻቸው ስጠይቃቸው ማጆክ አገኘው። ማንም አላስኮረጀውም፤ ተሸንፎ ነው ያወቀው።

ይህ ኩረጃ ከሆነ፣ ጋሼ፣ እኔ ኩረጃ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጥያቄዎቹን እጠብቃለሁ።

ፀደንያ

ደብረ ብርሃን
የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

ሰላምና ጤና ከነቤትሽ ይብዛልሽ። ሰነፍ ተማሪ ያልሽኝን ይቅር ብያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ የደፈረኝ ሰው ባለመኖሩ ሳይናፍቀኝ አልቀረም።

የአረፋሽን ጥያቄ መምህራን ክፍል ወስጄ አቀረብኩት። የሒሳቡ መምህር አየር አለ። ርእሰ መምህሩም አየር አለ፤ እሱ አየር ካለ በኋላ የቀሩት ሁሉ አየር ሆኑ። የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ሃይድሮጅን ብሎ ሲምል ሰማሁት። ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ልጅ የሚያስኮርጁት። መልሱን እንኳ በቅጡ አያውቁትም።

ጥያቄዎቼን ልኬልሻለሁ። ግን ውል አለኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ነጠላ፣ የሁለተኛውን ድርብ እንበለው። ባስፈተንሽ ቁጥር የነጠላውንም የድርቡንም ውጤት ጎን ለጎን አድርገሽ ትልኪልኛለሽ። ነጠላውን ሳላይ ድርቡን አላምንም። አቡክ ያልሻትን ልጅ ሰላም በይልኝ።

ማስረሻ

ጁባ
ሰኔ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማስረሻ፣

እንዲህ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ክረምቱ እዚህም ገብቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቦዳ ቦዳ የምንላቸው ባለሞተሮች እንኳ አንሄድም ይላሉ።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። ልጆቹ አሁን ሲኒየር ፎር፣ የመጨረሻው ክፍል ገብተዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ጥያቄዎችዎን ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ከሰማንያ በታች ያገኘ ቡድን የለም። ወላጆች ተደስተዋል። አቶ ማንያህልሻል በር ላይ ስለ ቡድን ፈተናችን ትልቅ ባነር ሰቅለዋል።

ለእናቴ ትንሽ ነገር በሱሩር ልኬያለሁ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ፀደንያ

ደብረ ብርሃን
ሐምሌ 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፀደንያ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም አለን።

ደብዳቤሽን አነበብኩት፤ ጠረኑ ግን ደስ አላለኝም። የእኔን ጥያቄዎች ሁሉም ቡድን ከሰማንያ በላይ? አውቃቸዋለሁ እኮ፣ የወለድኳቸው እኔ ነኝ። ደግሞስ ነጠላው የት ሄደ? የላክሽልኝ ድርቡን ብቻ ነው። በየደብዳቤሽ የማትቀረው አቡክስ የት ሄደች? ባነር ያልሽውንም አልወደድኩትም። ባነር ያለበት ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር አይጠፋም።

ሆድ ይፍጀው ካልሽ ደግሞ እንዲያው በይኝ፤ አትዋሺኝ።

ማስረሻ

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ እናትሽ አጠገቤ ነበረች። «ነጠላው የት ሄደ» ስል ሰምታ የልጄ ነጠላ ጠፋ ብላ ደነገጠች። የፈተና ነገር ነው ብላት አላመነችኝም። ሱሩር የሚያመጣልሽ አዲስ ነጠላ ከእሷ ነው።

ጁባ
ጥቅምት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማስረሻ፣

አዲሱ ዓመት የዕረፍት ዓመት ይሁንልዎት። የእናቴን ነጠላ ለብሼ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን ነጠላዬን ለብሼ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እውነትም ነጠላው ጠፍቷል።

ያጠፋው ማንያህልሻል ነው። ከእንግዲህ አንቱ አልለውም፤ አንቱታ የሚገባው ሰው አይደለም። በግንቦት ቢሮው ጠራኝና «ፀዲዬ፣ አንድ ፈተና ሁለት ጊዜ መፈተን ምንድን ነው? ወረቀት ማባከን ነው። ያንን የመጀመሪያውን ተይው፤ ወላጅ የሚወደው የቡድኑን ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው ከንቱ ነው አልኩት። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በትምህርት ቤት፣ ጋሼ! ተማሪውን እንደ አልጋ ተከራይ ነው የሚያየው፤ ሳይከፋው ይውጣ፣ በቃ።

ቀጥሎ ዕጣውን ሰረዘ። በየቡድኑ አንድ አንድ ጎበዝ አስቀመጠ። እርስዎ እንዳሉት ያው አንድ ለአምስት፣ ያውም በእኔ እጅ። አቡክን ከማጆክና ከጓደኞቹ ጋር ደለደላት። የማጆክ አባት መለዮ ለባሽ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ያ ተሸንፎ የሚማር ልጅ አሁን ፈተና ላይ ክንዱን ተንተርሶ ይተኛል። እሷ ትጽፋለች፣ እነሱ ስማቸውን ያክሉበታል። ክርክር የለ፣ ጠረጴዛ መምታት የለ። ያን ክፍል ከነዝምታው እጸየፈዋለሁ። አንድ ቀን ምነው ዝም አልሽ ብላት «ቲቸር፣ እኔ እኮ አሁን የነሱ እጅ ነኝ። እጅ ያወራል እንዴ?» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። አንድም መልስ አልጻፈችም። ዜሮ ሰጠሁ፣ ለሁሉም። አባትየው መጡ፤ ማንያህልሻል ሲያያቸው ምንጣፍ ሆነ። ከዚያ አህያውን ፈርቶ ወደ ዳውላው ዞረ። ለልጆቹ ማለፊያ ውጤት እንድሞላ፣ አቡክ ደግሞ «አልተባበረችም» ተብላ እንድትባረር ወሰነ። ለብሔራዊ ፈተናው የሚያስመዘግባት ትምህርት ቤቱ ነው። ከተባረረች አትፈተንም፤ ካልተፈተነች ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው። አባት የላትም፣ አክስቷ ሸሪካት ገበያ ጎመን ትሸጣለች፤ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያስገባት ሰው የለም።

ውሳኔው የሚፈጸመው በሚቀጥለው ወር ከወላጆች ቀን በኋላ ነው። በዚያ ቀን እንግዳ ጠርቶ የቡድን ፈተናውን በእኔ ሊያሳይ አስቧል። ጋሼ፣ ምን ላድርግ? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ፀደንያ

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

አይዞሽ። ሱሩር አዲስ አበባ መሆኑን ስሰማ በራሴ እጅ ልሰጠው አውቶቡስ ተሳፍሬ ነው የሄድኩት።

መልሱ አንድ ነው፤ ነጠላውን መልሺው። እንግዳ ይጠራል አላልሽም? ይጥራ። ወላጆቹ ሁሉ ባሉበት መጀመሪያ የነጠላውን ወረቀት አድይ። በሰው ፊት ከእጅሽ አይነጥቅሽም። አባትየው የልጁን ወረቀት በዓይኑ ይየው። ሰው የራሱን ልጅ ባዶ ወረቀት አይቶ የሌላ ሰው ልጅ ይባረር አይልም ብዬ አምናለሁ።

እኔም የደበቅሁሽ ነገር አለኝ። ከየካቲት ጀምሮ ዘዴሽን በክፍሌ ሞክሬው ነበር። ነጠላ፣ ከዚያ ድርብ፣ ልክ እንደጻፍሽው። እንዳይሳካ ተመኝቼ ነው የጀመርኩት፤ ተሳካ። ከኋላ ወንበር የማይነሡ ልጆች እኔን ራሴን «ለምን?» እያሉ አፋጠጡኝ። በርጅናዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጫጫታውን የሰሙ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው አዩት፣ ፎቶ አነሡት። ወር ሳይሞላ አዳራሽ ጠርተው «የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ምርጥ ተሞክሮ» የሚል የምስክር ወረቀት ሸለሙኝ። እኔን! ይህ አንድ ለአምስት አይደለም ልል ማይኩን ስጠጋ ጭብጨባ ተጀመረ። ጭብጨባው ሲያልቅ ማይኩ ጠፍቶ ነበር። ወርጄ እጄን ታጠብኩ። የምናገረው ስላቃተኝ ነው ላንቺም ያልጻፍኩልሽ።

ያንቺ ግን ሽልማት አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው። አድርጊው። ጌታ ከፊትሽ ይቅደም።

ማስረሻ

ጁባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማስረሻ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግሁ። የሆነውን ለመጻፍ ግን ወር ሙሉ ብዕር አስጠልቶኝ ከረመ።

ወላጆች ተቀምጠዋል፤ ማንያህልሻል ከረባት አድርጎ የሆቴሉን ሶዳ እያስቀዳ ነው። የነጠላውን ወረቀት ማደል ስጀምር ጆሮዬ ላይ «ፀዲ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ። ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ፣ መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ይሠራል፣ ወላጅ ይመለከታል አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ። ምን ሊል ይችላል? እሱም አብሮ አጨበጨበ።

ስንጨርስ ወረቀቶቹን ለየአባቶቹ ሰጠሁ። የማጆክ ወረቀት ላይ ስሙ ብቻ ነበር። አባትየው አገላብጠው አዩት። ከዚያ የአቡክን ለመኗት፤ ሰጠቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አነበቡት።  አፈሩ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያች ሰዓት እርስዎን አመሰገንኩ።

በማግሥቱ ማንያህልሻል እየሣቀ ጠራኝ። አባትየው መጥተው ነበር። አቡክ እንዳትባረር፣ ዛሬውኑ እንድትመዘገብ አዘዋል። እልል ልል ስል ቀሪውን ነገረኝ። ወደ የካቲት በተገፋው ብሔራዊ ፈተና ዕለት መቀመጫዋ ከማጆክ አጠገብ እንዲሆን፣ ወረቀቷን ወደ እሱ እንድታዘነብል። «አየሽ፣ ፀዲዬ፣ ማንም ሳይከፋው ተጨረሰ» አለኝ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ያነበቡት አፍረው አልነበረም፤ ዕቃ ሲመርጡ ነው። ውጪ ወጥቼ አስመለሰኝ። በምሳሌ አይደለም የምልዎት፣ በእውነት አስመለሰኝ። እኔም እስከ ፈተናው ድረስ ብቻ ነኝ፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ፈልጊ ተብያለሁ።

ለአቡክ መንገር ነበረብኝ። መሬት ብትውጠኝ እየተመኘሁ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ይቀመጥ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምርጫውን በእርሳስ ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ሁሉንም ስህተት አድርጌ አጠቁራለሁ። እሱ ይገለብጥና ይተኛል፤ ሁልጊዜ ይተኛል። ከዚያ አጥፍቼ የኔን እሠራለሁ።»

«ስህተት መሆኑን ቢያውቅብሽስ?»

«አያውቅም ቲቸር። በዕጣ እየተቀላቀልን ስንከራከር የሁሉንም ስህተት ሰምቻለሁ። ማን ለምን እንደሚሳሳት፣ የቱ ስህተት እውነት እንደሚመስል አውቃለሁ። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?»

ሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። አንዱ የሌላውን ስህተት እየሰማ ይማር ብዬ የጀመርኩት ነገር ይኸው ጓደኛን መጣያ ሆነ። ደግሞ እኮ እውነቷን ነው፤ በደንብ ተምራለች። ጋሼ፣ አታድርጊው አላልኳትም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር?

ፀደንያ

ደብረ ብርሃን
ጥር 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

ጥምቀትን እናትሽና እኔ አብረን ዋልን፤ ስምሽ ሲነሣ ሲወድቅ ዋለ።

ምን ይሏት ነበር ላልሽኝ መልስ ጽፌ ቀደድኩት። እንደገና ጽፌ እንደገና ቀደድኩት። አንዱ ላይ ታማኝነት፣ አንዱ ላይ ኅሊና የሚል ቃል ነበረበት፤ ሳነበው ራሴን ታዘብኩት። ያቺን ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡት እኛን የመሰሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በምን አፌ ነው የምመክራት? ሁሉንም ተጸይፌዋለሁ። ይህን የምጽፍበትን እጄንም ጨምሮ።

ለማንኛውም ይህን ንገሪያት። እስከ መጨረሻው ደቂቃ አትቆይ፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ወረቀት የሚሰበስብ ፈታኝ አለ። ስህተቱን ስታጠቁር እርሳሱን አትጫነው፣ ከተጫነችው ምልክቱ ይቀራል። ሁሉንም አታሳስት፤ ልጁ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አትጠፋምና ያቺ ትክክል ትሁን።

አንቺ ደግሞ ጥሩ ላጲስ ግዢላት።

ማስረሻ